የጨርቅ ጥንቸል

ማላኪ ፖስተኛው፣ አርባ ዓመት ሙሉ
ውሻ ያባረረው በየደጁ ሁሉ፣
ሱሪው ሁለት ጊዜ፣ ባቱ አንዴ ተቀዶ፣
ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ሄዶ
ውሻ ይዞ መጣ።

ቀጭን፣ የሩጫ ዘር፣ ጎኗ የሚቆጠር፣
በጆሮዋ ጓዳ አረንጓዴ ቁጥር።
አምስት ዓመት ሙሉ፣ በመብራት፣ በጩኸት፣
በሐዲድ ሲሸሻት ከፊት ከፊት ከፊት፣
ስትሮጥ የኖረች ከጨርቅ ጥንቸል ኋላ፣
አንድም ቀን ሳትይዘው፣ አንድም ቀን ሳትበላ።
በሜዳው ላይ ስሟ «የጥቁር ወንዝ መብረቅ»፤
እቤት ግን ኔሳ ናት።

«አምጪ!» ብሎ ኳሷን ወረወረላት።
ለጎረቤት የተላከ ደብዳቤ እንደ ደረሳት
የእኔ አይደለም ብላ ፊቷን አዞረችባት።

ሄዶ ራሱ አመጣት። ወረወረ ደግሞ።
ደግሞ ራሱ አመጣት፣ እያረፈ፣ ቆሞ።
ወይዘሮ ኩዋርክ ከአጥሩ ማዶ አገጯን አስደግፋ፦
«ጎበዝ! ውሻዋ እንዴት አሠለጠነችህ!
ሦስተኛህ እኮ ነው፤ ብስኩት ልስጥህ?»

የአሳማ ስብ ቀባት፤ ስቡን ልሳ ተወች።
በአራት እግሩ ሄደ፣ በተርልስ ዝናብ፣ በጭቃ ሣር ላይ፤
አርባ ዓመት የሰማውን ጩኸት ሁሉ ጮኸላት፤
እሷ ከደረቁ በረንዳ ሆና፣ እንዳመመው ሰው አየችው።

ማታ ሾርባው እየቀዘቀዘ ገባው፣ ወይም የገባው መሰለው፦
ሩጫ ለእሷ ሥራ ነው፤ መጨረሻው የሚዘጋ በር።
ማን ነገራት፣ የሚሸሽ ነገር እንደሚያዝ?
ማን ነገራት፣ የተያዘ እንደሚቀር?

መወርወሩን ተወ።
ኳሷ ከመሐረቡና ከመድኃኒቱ ጋር ኪሱ ውስጥ ከረመች።

አንድ ሐሙስ ምሽት፣ ቁልፍ ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ፣
ወደቀች፤ ነጠረች፤ ነጠረች፤
ጠረጴዛው ሥር ስትደርስ
ኔሳ ተነሣች።

አልሮጠችም።
ቅዳሴ እንደረፈደበት ሰው፣ ኮቴዋን አጥፍታ ሄደች።
አሸተተች።
በከንፈሯ ጫፍ፣ እንደ እንቁላል፣ አነሣቻት።
ከዚያ ቆመች፣
በር የሚዘጋ መስሏት።
ማንም አልዘጋባት።

ወደ ፍራሿ ወሰደቻት፤
በሁለት እግሮቿ መሐል አስተኛቻት።
ማላኪ «አምጪ» ሊል አፉን ከፈተ፣
ትንሽ አሰበ፣
መልሶ ዘጋ።

ጠዋት፣ ገና ሱቁ ሲከፈት ደረሰ፦
«ኳስ፤ አንድ ሌላ።»
«ስንት ውሻ አለህ?» አለችው ባለሱቋ።
«አንድ። እሷ የራሷ አላት፤
ይቺኛዋ የእኔ ናት።»