የተምጫ ገመድ

ነሐሴ፣ ፍልሰታ። ተምጫ ሞልቶ፣
የማን እንደሆነ የማይታወቅ አጥር ከነግንዱ ጎትቶ፣
እንደ ኮርማ እያጓራ ሲወርድ፣
ቃሬዛ ተሸክመን ቆመናል፣ አንድም ሰው ሳይራመድ።

ቃሬዛው ላይ ያለች ጥሩዓለም ነበረች፣
የቢያዝን ሚስት፤ በምጥ ሁለት ሌሊት ያደረች።
አምቡላንሱ ከማዶ ቆሟል፣ መብራቱን አብርቶ፤
ሾፌሩ እጁን ያወዛውዛል፣ ድምፁን ውሃው በልቶ።

እኔ ያን ጊዜ ዲያቆን ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣
ውዳሴ ማርያሜን በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ ከደረቴ።
ቅኔ ቤት ከርሜ የመጣሁ፣ ቃል የማይቸግረኝ፣
ከሐሳቤ ይልቅ ጥቅሴ የሚቀድመኝ።

አንማው ጫማውን ፈታ።
የበሬ ጠፍር ቀጣጥሎ ወገቡን አሰረ፤ ጫፉን ለአራት ጎልማሳ ሰጠ በዝምታ፤
በዱላው ጥልቀቱን ለካ፤ ተመልሶ ለካ ሌላ ቦታ።

ይህ አንማው ማለት፣
ከቢያዝን ጋር በወሰን ድንጋይ ሰባት ዓመት የተካሰሰው ማለት።
ጾም የሚያጎድል፣ ቅዳሴ ሲያልቅ የሚደርስ፣
ስሙ በተጠራ ቁጥር ከንፈሬን የምነክስ።

ተጠጋሁና «አንማው፣ ተው» አልሁት፤
«ጌታ አምላክህን አትፈታተን ተብሏል» ብዬ ጠቀስሁት።
ቀና ብሎ አየኝ፤ ዝናቡ ከቅንድቡ ይንጠባጠባል፤
«እኔ የምፈትነው ውሃውን ነው ዲያቆን፤ እሱማ ያውቀኛል።»

ገባ።

ስንቴ ጠፋ፣ ስንቴ ራሱ ከአረፋው መሐል ብቅ አለ፣
አልቆጠርሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ያየኝ ሰው ጸለየ ብሎ ማለ።
እልል ሲባል ዓይኔን ስገልጥ፣
ጠፍሩ ከማዶው ሾላ ታስሮ እንደ ክራር ጅማት ሲንቀጠቀጥ።

ስምንት ሰው በእሱ ተሻገረ፣ ቃሬዛውን ከራሱ በላይ አንሥቶ፤
ቢያዝን ከፊት፣ የባላጋራውን ገመድ በግራ እጁ ጨብጦ፣ በቀኙ ሚስቱን ደግፎ፣ ፊቱ ገርጥቶ።

እኔ ቀረሁ።
መጽሐፉ እንዳይረጥብ ብዬ ነው፤ ለራሴም እንዲሁ ነገርሁ።
መጽሐፉ አልረጠበም። እኔም አልረጠብሁ።

ልጁ ተወለደ፤ ተሻገር ተባለ።
ክሱ ግን አልቀረም፤ በጥቅምት ቀጠሮ ሁለቱም ወረዳ ወጡ፣ አንዱም አንዱም «ወሰኔ ተገፍቷል» አለ።
አንማውን ተምጫ አልወሰደው። በአራተኛው ዓመት ለአጨዳ ብር ሸለቆ ወርዶ፣
ወባ ያዘው፤ አልጋ ላይ ሞተ፣ በጠራራ ፀሐይ እንደ ነሐሴ ዝናብ ርዶ።
ፍትሐቱን ያደረስሁ እኔ ነኝ፣ ቅስና ተቀብዬ፤
«ይፍታህ» ባልሁ ቁጥር «ማንን?» እያልሁ፣ ድምፄ ሲቆረጥ ሳል አስመስዬ።

ቃሉ እውነት ነበር፤ የዋሸው የኔ አፍ ነው።
ጌታ ያን ቃል የተናገረው፣ ዝለል ላለው ለሰይጣን ነው፤
እኔ የወረወርሁት ለባላጋራው ሚስት ጫማውን በፈታ ሰው።

ቢሆንም ዝለሉ አልልም።
ጥምቀት ላይ የስማቸው ልጅ «ማርያምን፣ አይነካኝም» ብሎ፣
ለጭብጨባ ሲል ሳይለካ ከድልድዩ ዘሎ...
እሱንም የቀበርሁት እኔ ነኝ። እናቱ «እምነት አነሰው ወይ?» ስትለኝ፣ ጉልበቴ ዝሎ
ዝም አልሁ። ዛሬም ዝም ነኝ።

ትናንት ፈንታዬ መጣች። «አባ፣ አንዲቷን ላሜን ሸጬ
ልጄን ደብረ ማርቆስ ነርስነት ላስተምራት፣ ወይስ ይቅርብኝ አርፌ ተቀምጬ?
እግዜርን መፈታተን ይሆንብኛል?»
ጥቅሱ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጥሁት።
«ጥልቀቱን ለክተሻል?» አልኋት። «ገመድሽን ማን ይይዛል?»
«ወንድሜ።»
«ከተሻገረችስ፣ በገመዱ ማን ያልፋል?»
ቆየች። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠረች፣ ፈታች።
«ያቺ ቃሬዛ፣ አባ» አለች። ሌላ አልጨመረች።

መስቀሉን አሳለምኋት፤ እስከ በር ሸኘኋት። ከታች ተምጫ ያጓራል።
አርባ ዓመት ጎረቤቴ ነው፤
ከጉልበቴ በላይ አያውቀኝም።