ሻኛው

ቤታችን ሎድ ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በረንዳው የሚያየው አጥርና ሰማይ።
ድሮ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲል ገደማ፣
ገና ከባሕሩ ድምፁ ሳይሰማ፣
ቁም ሣጥኑ ውስጥ ብርጭቆ ከብርጭቆ ይነካካ ነበር፤
ሸጌ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ተነሥታ በዳበሳ፣
መዳፏን ታኖራለች አናታቸው ላይ፣
ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ግድግዳው እስኪረጋ።
«መጣ ባለ ሻኛው» ትለኛለች። ትተኛለች።

ስሙን ያወጣነው እኛ ነን፣ የሌሊት ጠራጊዎች፣
አጣለ፣ እኔ፣ ጥሩአየሁ፣ ሁለት የጆርጂያ ሴቶች።
ያንገቱን ጉብታ አይተን፣ ሰንጋ ነው አልነው፤
አጠገቡ የቆመ ሌላው ሁሉ ጥጃ ነው።
አራት መቶ ወንበር፣ የሰው ፍርፋሪ፣ የሰው ፀጉር፣
እጄን ከስንጥቁ ስሰድ የማላገኘው ምን ነበር!
አንድ ሌሊት ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ በሶፍት የተጠቀለለ፤
«ባለቤቱ አሁን ኢየሩሳሌም ምን ያኝካል?» አጣለ አለ።
አንድ ጊዜ ደግሞ፣ የዳስ በዓል ሲቃረብ፣
ከመስኮቱ ጥግ አንድ ትርንጎ ወድቆ፣
የዐሥራ አንድ ሰዓት የሰው ላብ ሽታ
ብቻውን አሸንፎ፣ ብቻውን ደብቆ።

ከሁሉ ግን ደረጃው።
መጥረጊያዬን ይዤ፣ አለቃ ሳያየኝ፣
እወጣና ፎቁ ላይ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ጫማዬን አውልቄ
ያንደኛ ማዕረግ ወንበር ላይ ሁለት ደቂቃ።
ቁልቁል ሳይ ቦቴው ጉንዳን፣ ሰዉ የጉንዳን እንቁላል።
የትም መሄድ አላማረኝም። እዚያው፣ ከፍ ብዬ
መቀመጥ ብቻ።

የበረርኩበትማ አንድ ቀን ነው በዕድሜዬ፤
ወንበሩን ነቅለውት፣ ወለሉ ላይ ነኝ፣
ግንባሬ ላይ ቁጥር፣ ጉልበቴ ላይ እንግዳ ሕፃን፣
የማላውቃት ሴት ክርን ጎኔን እየወጋኝ።
መስኮት ያየ የለም። ደመና ያየ የለም።
ፎቅ እንዳለው ማን ነገረኝ?
ከጣራዬ በላይ ሌላ ወለል፣ በሱ ላይ ሌላ ሰው፤
እኔ ከስንት ዓመት በኋላ በመጥረጊያ ወጣሁት።

አሁን የሉም። የሚመጡት ቀጫጭን፣ ባለ ሁለት ሞተር፤
እንደ ሐሜት ሹልክ ብለው ይወርዳሉ በአጥር።
ልጄ ሊራዝ ትስቃለች፦ «አባ፣ ተገላገልን!
ነዳጅ በግማሽ ቀነሰ፣ ጆሯችንም ዳነልን።»
እውነቷን ነው። ሆዳም ነበር። ጭስ ያግተለትል ነበር።
ወገቤንም የቆረጠው እሱ ነው፤ ሐኪሙ ፎቶውን
መብራት ላይ ለጥፎ በጣቱ አሳየኝ።
ግን ሆዳም ዘመድ ሲሞት፣
ማዕዱ የሚጎድለው ስለተረፈ እህል ነው?

ባለፈው ክረምት ናፍታሊ፣ መካኒኩ፣ ደወለ፦
«ነገ ይቆርጡታል፤ ማየት ከፈለግህ ና» አለ።
ዝናብ ነበር። መጋዙ ዝናቡን ይቆርጥ ነበር።
ክንፎቹ ቀድመው ወርደው፣ ሆዱ ተከፍቶ፣
ሽቦው እንደ አንጀት ጭቃው ላይ ተዘርግቶ፣
እንደ ቅርጫ መደብ መደብ ሲያደርጉት ቆመን አየን፤
አንዱ መስኮት ወሰደ፣ አንዱ ለምግብ ቤቱ ወንበር፣
ሻኛውን ግን የጠየቀ አልነበረም። ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ
በሚዛን ተሸጠ።
«ያንተ ድርሻስ?» አለኝ ናፍታሊ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ።
ከደረጃው ሦስተኛ እርከን የጠርዙን ላስቲክ ነቀልኩ፣
መሐሉ ተበልቶ የሳሳውን።
ከበሉት ጫማዎች አንዱ የኔ ነው።

ቤት ስገባ ቦታ አጣሁለት። ግድግዳ ላይ አይሰቀል፣
ሥዕል አይደል። በመጨረሻ
ቁም ሣጥኑ ወለሉ ላይ ሲነቃነቅ አይቼ
አጥፌ ከእግሩ ሥር ወተፍኩት። ልክ ሆነ።

ትናንት ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ሲል ገደማ፣
ውሻ እንኳ ሳይጮህ፣ አንድም ድምፅ ሳይሰማ፣
ሸጌ ተነሣች። ዓይኗ እንደተጨፈነ
መዳፏን ብርጭቆዎቹ ላይ አኖረች፤
ጠበቀች።
እኔም፣ አልጋዬ ላይ፣ «ምንም የለም፣ ተኚ» አላልኳትም።