ያልተፈተለ

ፎቶ ቤቴ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ማዶ ነው፤ ጠባብ፣
ቀን ሙሉ ጉርድ ፎቶ፤ «ቀና በል፣ ዓይንህ አይርገብገብ»።
በጥር ሙሽራ አነሣለሁ፤ በጾመ ነቢያት ሠርግ የለም፣
ካሜራው ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ ሌሊቱ ግን አያስተኛኝም።

ሸዋንግዛው የጋራዡ፣ እጁ በናፍጣ ያረጀ፣
ከስፌት መኪና ጥርስ ነቅሎ፣ ከሰማይ ጋር የሚዞር እግር አበጀ፤
የካሜራዬንም ሆድ ከፍቶ አንዲት ስስ መስታወት አወጣ፣
«ይቺ ናት» አለ፣ «ቀዩን ብርሃን የከለከለችህ ባላንጣ።»
ከዚያ ወዲህ የሙሽሮቼ ጉንጭ ሁሉ በርበሬ መሰለ፤
የአንዷ እናት ገንዘቧን አስመለሰች፤ እሱ «ይቅርታ» እንኳን አላለ።

ጣርማ በር ላይ፣ ከዋሻው በላይ፣ ጭነት መኪና ሲያቃስት፣
ባትሪዎቹን በብብቴ ሸሸግሁ፣ ከውርጭ እንደሚጠበቅ ጫጩት።
የሰሜን ኮከብ በእኛ አገር ዝቅ ይላል፣ አንገቱን ይደፋል፣
ከመንዝ ጋራ ጀርባ ገብቶ «ፈልጉኝ» ብሎ ያሾፋል፤
በግምት አቀናነው፤ በግምት፣ በስድብና በትዕግሥት፣
ብሎን ሲጠብቅ ሲላላ ሆነ ከሌሊቱ አምስት።

ኦሪዮን አናታችን ላይ። ከቀበቶው ሥር፣ ከሰይፉ መካከል፣
ዓይን የሚጠራጠረው ጭጋግ፣ በመስታወት ላይ ትንፋሽ የሚያክል።
ሠላሳ ሰከንድ። ሠላሳ ሰከንድ። ደግሞ ሠላሳ።
አንዱ ምስል ዲዳ ነው፤ መቶው ሲደረብ ነው ቃል የሚያነሣ።
ሠላሳ ሰባተኛውን የአይሱዙ ፓውዛ በላው፣
ዘጠናኛውን ከገደሉ የወጣ ጉም እንደ ኩታ ደረበው።
በመጨረሻ ክዳኑን ገጥሜ ጨለማውን ራሱን አነሣሁ፤
ካሜራው የሚዋሸው እንዲቀነስ። ይህን ለማንም አላወራሁ፤
ፎቶ ቤት ከፍቶ ጨለማ አነሣ ቢሉ ማን ያምናል?
«ኮከቤን ቁጠርልኝ» የሚለው ጎረቤት ይበቃኛል።

ኮምፒውተሩ ሁለት ቀን አጓራ። በሦስተኛው ነጋልን፦
ቀይ፣ ዳሩ ሐምራዊ፣ መሐሉ ላይ አራት ጨቅላ ኮከብ ታየን።
ሸዋንግዛው ዝም አለ፤ ጣቱን በጨርቅ ጠረገ።
ስለ ጋዝ፣ ስለ ስበት ጀመርኩ፤ ምላሴ ግን ሌላ ቃል ፈለገ።

እትዬ እንግዳወርቅ ገቡ፤ ለጡረታ ደብተር ጉርድ ሊነሡ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሱፍ ያበጠሩ፣ ሲያስሉም ሱፍ የሚተነፍሱ።
ምስሉን አዩ። ጠጋ አሉ። ጣታቸው መስታወቱን ነካ።
«ይሄማ ያልተፈተለ ሱፍ ነው፤ እዚያም ይበጠራል ለካ!
እዚህ ጋ ሳስቷል፤ እዚህ ተጠቅልሎ ወፍሯል፤
ክር ሊሆን ሲሰበሰብ እንዲህ እንዲህ ቋጠሮ ይፈጥራል።
ሲጠብቅ ደግሞ ይግላል፤ ይህን በጣቴ ነው የተማርኩት፤
እነዚህ ነጫጭ ቋጠሮዎች፣ ግለው ግለው ነው የበሩት?»

አዎ አልኳቸው። እንዲያ ነው። ደመናው በራሱ ክብደት ይወድቃል፣
ይጠባል፣ ይፈተላል፣ ይግላል፤ ከዚያ ድንገት ይነቃል።
ያ ብርሃን ሲነሣ ደብረ ብርሃን የለችም፤ ማንም አልጠራም ስሟን፤
ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ገሥግሦ ጣርማ በር ላይ ጨረሰ ጉዞውን።

ሰባቱን ከዋክብትም አሳየኋቸው፤ ሰማያዊ ጉም ለብሰው።
«ይህ ነው እናታቸው?» አሉ። «አይደለም፤ በመንገድ ያገኙት ነው፤
የወለዳቸው ደመና ድሮ ተበትኗል፤ እነሱም ቀስ በቀስ
ይለያያሉ። የፀሐያችንን እኅቶች ማን ፈልጎ ይመልስ?»
ዝም አሉ። አንዱ ልጃቸው ሆሳዕና፣ አንዷ ድሬ፣ ታናሹ መሐል ሜዳ።
«የሰው ጉም ለብሰው» አሉ፣ «እንደኔዎቹ፣ በሰው ጓዳ።»

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ።
«ቀና ይበሉ» አልኩ፤ እሳቸው ግን ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

ጡረታ ቢሮው መለሰው፦ «ፊቱ ቀልቷል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ነው፤ ሌላ ያምጡ።»
ሌላ አነሣኋቸው፣ በሌላ ካሜራ። ያኛው ከቀዩ ደመና ጎን፣
መስኮቴ ላይ ነው፤ ሠራተኞቹ ያዩታል፣ ሲገቡ ሲወጡ።