ባትሪው አልቋል

ከፖስታ ቤት በታች፣ ቁልቁል ሲል መንገዱ፣
ሱቄ እዚያ ናት፤ ወስፌው፣ ሰሙ፣ ገመዱ፣
ደግሞም አንድ አግዳሚ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ የማይቀርበት አንድ ታዳሚ፣
ጄኔራል ይርሳው፤
ከዘራ በእጃቸው፣ ጋዜጣ በብብታቸው፣
የሚሰፋ ጫማ ሳይኖራቸው።

«ይርሳው» ያለቻቸው እናታቸው ናት፣
ከሳቸው በፊት የቀበረችው ልጅ እየመጣባት፤
እሳቸው ግን አይረሱም፤
ስምና ባለስም ሁልጊዜ አይደራረሱም።

ያለፈው ማክሰኞ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣
አንድ ምክትል መቶ አለቃ፣ ኮከቡ ገና የሚያበራ፣
ከአዘዞ ጦር ሰፈር መጥቶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣
ካጠገባቸው ዐረፈ፣ ደብተሩን ዘርግቶ፦
«ነገ ሠላሳ ስድስት ሰው እረከባለሁ፤
መሪነት ምንድን ነው? ስኬትስ? ይንገሩኝ፣ እጽፋለሁ።»

ጄኔራሉ ዝም አሉ።
ከግንቡ ማዶ አንዲት ጭልፊት ዞረች፣
ደግማ ዞረች፣
ወደ ቄራው ተወረወረች።
«ካልሲ» አሉ።

ልጁ ቀና አለ፣ ጆሮው የከዳው መስሎት።
«ካልሲ! እርጥብ ካልሲ ስንቱን ሻለቃ ፈታው፣
ጠላት ሳይተኩስበት፣ ጭቃው ብቻ መታው።
ማታ ማታ ጫማ አስወልቅ፤ ጣት በጣት እየው፤
ቄሱ በጸሎተ ሐሙስ አንዴ የሚያጥበው፣
ላንተ የየማታው ነው።
ብስኩት ሲታደል ከሰልፉ ጭራ ቁም፤
ካልደረሰህም አልደረሰህም፤
ወታደር ይህን ያያል፤ አይነግርህም፣ አይረሳልህም።
ደፋር ነኝ የሚል ከሰጡህ በዓይንህ ጠብቀው፤
ምሽግ የሚያጠልቀው የሚፈራው ነው።
የመርዶውን ደብዳቤ ራስህ ጻፈው፣ ለታይፒስት አትስጥ፤
እናቱን በስሟ ጥራት፤ ልጇ በምን ይስቅ እንደነበር ግለጥ።»

«ስኬትስ?»

«አንዲት ጉብታ ነበረች፣ ካርታው ስሟን የማያውቅ፤
‹ያዝ› አሉኝ፣ ያዝሁ፤ አርባ አንድ ሰው ሲወድቅ።
ሜዳሊያ ደረቴ ላይ ሰኩ፤
በሦስተኛው ሳምንት ‹ልቀቅ› ብለው ላኩ።
የአርባ አንዱ ስም በዳዊቴ ኅዳግ ላይ ዋለ፤
መዝሙሩን ዘልዬ እነሱን የምደግምበት ቀን አለ።
ይህ በመዝገብ ድል ነው። ሌላውን ማንደፍሮ ያውቃል።
ንገረው።»

ወስፌዬን አስቀመጥሁ።
ያኔ የሬዲዮ ሰው ነበርሁ፣ እሳቸውም ኮሎኔል፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከበላያችን ሰማይ፣ ከበታቻችን ገደል፤
ሬዲዮው ይጮሃል፦ «በሜዳው ቁረጥ! አሁን! በሜዳው!»
ሜዳው በጨረቃ እንደ ተነጠፈ ሰሌን ነው፣
ጥንቸል እንኳ ሮጣ የማትወጣው።
ሜዳውን አዩ፤ እኔን አዩኝ።
«ማንደፍሮ፣ ባትሪው አልቋል» አሉኝ።
መብራቱ አረንጓዴ፣ ሙሉ፣ ድርግም እንኳ አይልም።
«አልቋል ጌታዬ» አልሁ፤
ገመዱን ነቀልሁ።
ከዚያ በኋላ የመጣው ጸጥታ፣
አሁንም ቆዳ ስወጋ ይመለሳል ማታ ማታ።

ሲነጋ በገደሉ ዞረን ወጣን፤
ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው፣ አንድም አላጣን።
የሳቸው ኮከብ ስድስት ዓመት ዘገየ፤
የኔም ደመወዝ የባትሪ ዕዳ ሲከፍል ታየ።

ልጁ እስክሪፕቶውን ይዞ ቀረ። «ይህን ልጻፈው?»
«አትጻፈው።
እንደ ትእዛዝም አትያዘው።
በግራችን አንድ ሻምበል ነበር፤ ያን ሌሊት፣ በሜዳው ዳር፣
እኛን ሲጠብቅ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ከስንት ሰው ጋር፣
አልጠየቅሁም።
እስካሁን።»

ከዚያ ጎንበስ አሉ፤ ጉልበታቸው ቋ አለ፤
አውራ ጣታቸው የልጁን ቡት ጫፍ ጫን አለ።
«ጠቦሃል፤ ነገ ስታነክስ እንዳያዩህ።
አውልቀው፤ ማንደፍሮ በፎርማ ይወጥርልህ።»
ልጁ አወለቀ፤
እግሩን ከአግዳሚው ሥር ደበቀ።

ካልሲው እርጥብ ነበር።