አምስት ጊዜ ሺፍት

ግንቦት ላይ የሌለ፣ ጥር ላይ የሚወለድ፣
ሂዩማ ደሴትን ከየብስ የሚያጋባ መንገድ፣
ሠላሳ ስድስት ክረምት ጠብቋል ኢልማር፤
ባልቲክ ሲጠና በስቶ፣ ውፍረቱን ሲሰፍር።
መርከብ ዞሮ ዞሮ የሚደርስበት
በበረዶ አቋራጭ ያጥራል በእኩሌት።
ደንቡ ግን ደንብ ነው፤ ቀበቶ ይፈታል፣
በር አይቆለፍም፣ መሐል ላይ አይቆምም፣
ፊተኛው ሳይርቅ ኋለኛው አይገባም።
“አቋራጭ” ይል ነበር “ለቸኮለ አይደለም፤
መጠበቅ ላወቀ እንጂ።”

በጥቅምት አንድ ማለዳ ቀኝ ጎኑ ከዳው።
ምላሱ ቀስ በቀስ ተፍታታች፤
እጁ ግን፣ ቀኝ እጁ፣ እንደ እርጥብ ጓንት
ጭኑ ላይ ቀረች።

ቢሮ ሲመለስ ማውሷ እዚያው ናት፣
በቀኝ በኩል፣ ጭራዋን ጠቅልላ።
በግራው ሊነዳት ሞከረ፤ ቀስቷ
እንደ ሰከረ ዝንብ ስክሪኑን ዞረችው።
ትሪኑ፣ የሃያ አራት ዓመቷ ረዳቱ፣
ሁለት ቀን ዐይታ ዝም አለች፤
በሦስተኛው ማውሷን ነቀለችና
መሳቢያ ውስጥ ከተተች።

ኮንትሮል እና ሲ፣ መቅዳት ነው አለችው፤
እሱ በረዶ በስቶ
ውኃ ሲቀዳ ነው የኖረው።
ኮንትሮል እና ኤክስ፣ መቁረጥ ነው አለችው፤
በኅዳር፣ ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ
የቆረጠው ሌላ ነገር ነው።
ቪ መለጠፍ፣ ኤስ ማስቀመጥ፤
ይኼን እንኳ ወደደው።

ፒ ላይ ሲደርሱ ተሰናከለ።
ኮንትሮል እዚህ ጥግ፣ ፒ ከማዶ፤
ትንሿን ጣት ሲተክል አውራዋ ታጥራለች፣
አውራዋን ሲልክ ትንሿ ታመልጣለች፤
በአንድ መዳፍ ውስጥ ያለው ርቀት
ከሂዩማ እስከ የብስ ሆነበት።
“ሁለት እጅ ላለው የተሠራ ዕቃ ነው”
አለና ወንበሩን ገፋው።

ትሪኑ አልመለሰችም። ሺፍትን ተጫነች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
አራት፣
አምስት።
ማሽኑ ጢጥ ብሎ አንድ ነገር ጠየቃት፤
“እሺ” አለችው።
“አሁን ኮንትሮልን ይንኩና ይልቀቁት።
እጅዎን ያንሡ። ቢፈልጉ ያስነጥሱ።
አይሄድም። ይጠብቅዎታል።
ጓደኛው ሲመጣ አብረው ይሠራሉ።”

ነካ። ለቀቀ። በመስኮት ተመለከተ፤
አንድ ቁራ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ
እስኪሻገር ቆየ፤
ከዚያ ፒን ነካ።
ጥግ ያለው ማተሚያ ጉሮሮውን ጠርጎ
ወረቀት ሲስብ፣ በግማሽ ፊቱ ሳቀ።
“ፊተኛው ሳይርቅ ኋለኛው አይገባም፤
ይኼንንማ ዐውቀዋለሁ።”

ጥር ገባ። ባሕሩ አልጠናም።
በየማለዳው ዘንጉን ይዞ ይወርዳል፣
ተመልሶ ዜሮ ይጽፋል፤
ኋላ መጻፉም ቀረ፣ የትናንቱን ዜሮ
ቀድቶ ይለጥፋል።

አንድ ዓርብ፣ ትሪኑ ምሳ በወጣችበት፣
ጣቱ ኤ ላይ ወደቀች፤ ሁሉንም መረጠች፤
ተከታይዋ ስሕተት ሁሉንም አጠፋች።
የሰማንያ ሰባቱ ሰባ ሳንቲም፣
የጭነት መኪና የተሻገረበት፣
አዋላጅ በሌሊት የመጣችበት፣
ሠላሳ ስድስት ክረምት ባዶ ነጭ ሆነ።
ውጭ ካለው ጥቁር ውኃ ይልቅ
ይኼኛው ነጭ አስፈራው።

ኮንትሮልን ነካ። ጣቱ ተንቀጠቀጠች፣ ሸሸች፤
ቁልፉ ጠበቃት።
ዜድ።
ክረምቶቹ ተሰልፈው ገቡ፣
እያንዳንዱ ከነውፍረቱ።
ደግሞ ነካ፤ የዛሬው ዜሮ ጠፋ።
ደግሞ ነካ፤ ምንም።
ፋይሉ የተከፈተው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤
ከዚያ ወዲያ ላለው መልስ የለውም፤
ጥቅምትን አያውቅም።
የዛሬውን ዜሮ እንደገና ጻፈና
አስቀመጠው።

ማታ ትሪኑ መብራት አጥፍታ በር ከፈተች።
እሱ ካፖርቱን በግራ እጁ ይቆልፋል፤
ቁልፉን ወደ ቀዳዳው ያመጣል፣ ያጣዋል፣
ደግሞ ያመጣል።
እጇን ስትዘረጋ ራሱን ነቀነቀ፤
“ቆዪ” አላት።
ብርዱ እየገባ ሁለቱም ቆሙ።
ካፖርቱ አምስት ቁልፍ ነበረው።