ውሃ ልክ

ማሽኑ «ሃያ አምስት» ይላል፣ በቀይ ቁጥር፣ ሳያመነታ፤
እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ አምኜው ስወጥር፣ ጧት ማታ።
ሳሙና በር፣ ባንድ ክፍል ቤት፣ በቁም ሳጥንና በአልጋ መሃል፣
ሞተሩ ክሩን ሲጎትት እንዳረጀ ድመት ያጉረመርማል።
ሲበቃው «ጢጥ» ይላል፤ እኔ መቆንጠጫውን አስነክሳለሁ፤
ደርሷል ካለ ደርሷል ብዬ፣ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አልፋለሁ።

ትርንጎ ናት ነገሩን የነካካችው።
ከባሕር ዳር ልጅ ጋር ገጥማ፣ ሁለቱንም ዙር ተረትታ፣
ራኬቷን በሹራቧ ጠቅልላ፣ ላቧ ሳይደርቅ ደጄ መጥታ፣
«ጋሽ ውባንተ፣ ኳሱ ይረዝምብኛል፤ ክሩ ለግሟል» አለችኝ።
«ክር አይለግምም ልጄ፤ የላላው አንጓሽ ነው» አልኋት፤
ቀዩን ቁጥር ምስክር ጠርቼ፣ ከነእውነቷ መለስኋት።

በሳምንቱ፣ ያች አሸናፊዋ እጀታ አስጠቅልል ብላ ላከች።
ክሯን በጥፍሬ ነካሁት፤ ጮኸ፣ እንደ ብርጭቆ ጠርዝ።
የራሴን ሥራ ነካሁት፤ «ዱብ» አለ፣ እንደ ረጠበ ብርድ ልብስ።
ያን ማታ እራት አልበላሁም።

በማሽኑና በክሩ መሃል መንጠቆ ሚዛን ሰካሁ፤
ማሽኑ ሃያ አምስት አለ። ሚዛኑን ሃያ ሁለት ላይ አየሁ።
ደግሜ ሳብሁ። ሃያ ሁለት። ከሁለት አንዱ ዋሽቷል፤
ግን የቱ? ሚዛኑም ቢሆን ካሮጌ ተራ ነው የተገዛው፣ ዝጓል።

ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ፣ ከእህል ነጋዴው ከቢያድግልኝ፤
«አምስት አምስት ኪሎ ብረትህን እስከ ነገ ብቻ አውሰኝ።»
ግራ ቀኙን ቃኘና፣ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ፣
«ለጤፍ ከሆነ ውሰደው» አለ፣ እንደ ሕፃን አባብሎ፤
«ለእውነት ከሆነ ግን ይቅርብህ። ሆዱ ተፍቋል።
ልጆቼ ተምረውበታል።»
አመስግኜ ተመለስሁ፤ ከቢያድግልኝ አፍ
ይህን ያህል እውነት ሰምቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ሌሊት የኛ ፈረቃ ነው። የአንገረብ ውሃ በቧንቧው ውስጥ
ሁለት ጊዜ አሳለ፣ አየር ተፋ፣ ደፍርሶ መጣ።
እስኪጠራ ጠበቅሁ።
ባዶውን ቢጫ ጀሪካን ከጣሪያው ወራጅ በሚዛኑ ሰቀልሁ፣
መርፌው የቆመበት ላይ በሚስማር ጭረት አኖርሁ፤
ከዚያ ባንድ ሊትር ሃይላንድ፣ አንገቱ ድረስ እየሞላሁ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሰባት ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ፤
ወደ ባልዲ ገልብጬ እንደገና ቆጠርሁ።
ሃያ ሃይላንድ። መርፌው ከጭረቱ ሃያ ቤት ወረደ፣ ቆመ።
ሚዛኑ ንጹሕ ነው። ዋሾው ያ ነው፣ ካልጋዬ ጥግ የከረመ።

ግንበኞች እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው «ውሃ ልክ አቀብለኝ» ሲሉ
ስንት ዘመን ሰማሁ፣ ሳልጠይቅ ምን እንደሚል ቃሉ።

የማሽኑን ሆድ ፈታሁ። አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ምስር የምታህል ብሎን፤
መፍቻዬን ላስጠጋ ስል መብራት ሄደ።
ጨለማ። ጀሪካኑ ከበላዬ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል።
ስድስት ዓመት የወጠርሁላቸውን ሰዎች ቆጠርሁ፤
ሐኪሙን፣ የባንኩን ዘበኛ፣
ያን ኳሱ የከዳውን መምህር፣ ቴኒስ ትቶ ዳማ የጀመረውን።
«ልክ ነሽ» ማለትን ተለማመድሁ፣ ለግድግዳው፣ ለጀሪካኑ፤
ሁለት ቃል ነው፤ ከሃያ ሊትር ይከብዳል ሚዛኑ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መጣ። ሩብ ዙር፤ ሃያ ሦስት ተኩል።
ግማሽ ዙር፤ ሃያ ሰባት። አበዛሁት። የፀጉር ያህል
ወደ ኋላ። ሃያ አምስት። ደግሜ። ሃያ አምስት።
ውሃውን አልደፋሁትም፤ ጧት ሸሚዜን አጠብሁበት።

ማራኪ ሄጄ ራኬቷን ከእናቷ ተቀበልሁ፤
አዲስ ክር፣ ያለ ዋጋ። ሐሙስ ራሴ አደረስሁ።
ትርንጎ በጥፍሯ ነካችው። ጮኸ። ደግማ፣ ጆሮዋን አስጠግታ።
የተለማመድሁትን ሁለት ቃል ተነፈስሁ።
ዝም አለች። ከዚያ ቀኝ እጇን ፊቴ ዘርግታ፣
«አንጓዬስ?» አለችኝ።