የሽንኩርቱ ጋሪ

ጋሪው ከጓዳ ነው፣ ሽንኩርት ታቅፎ፣
አንደኛው ጎማው ወደ ጎን አዘንብሎ፣ የጨርቁ ቀለም ረግፎ።
ሦስት ዓመት ሙሉ ልጅ የሚባል አልጫነም፤
ሽንኩርት ሲሸከም ግን ቅር ብሎት አያውቅም።

ነገ እሑድ ነው። ለትርሲት ቃል ገብተናል፤
ከሐይቁ ዳር፣ ከዥዋዥዌው፣ ከሚሽከረከረው ፈረስ ልናውላት ብለናል።
ስማቸው «ጋሪውን እንያዝ» ይላል፤
እኔ ሽንኩርቱን አያለሁ፣ ልቤ ሌላ ያሰላል።

ሰባት ዓመቷ ነው።
የፊት ጥርሶቿን ሁለቱን ጥላ፣ ሦስተኛው እየተነቃነቀ ነው።
የሱቅ ማስታወቂያ ካላነበብኩ ብላ መንገደኛ ታስቆማለች፤
ጋሪው ላይ ብትቀመጥ፣ በእግሯ አስፋልት ትጠርጋለች።

ግን መንገዱን አውቀዋለሁ።
ከቤታችን እስከ ታክሲው በእግሬ ለክቼዋለሁ፤
ከታክሲው እስከ ዘንባባው፣ ከዘንባባው እስከ በሩ፣
ከበሩ እስከ ዥዋዥዌው፣ ደግሞ ሰልፉ፣ ደግሞ ሐሩሩ።
ባለፈው ጥር ዘጌ ወርደን፣ ገና ሽቅቡ ሳይጀመር፣
«እማዬ፣ እግሬ አለቀ» ብላ ዛፍ ሥር ተዘርፍጣ ነበር።
እግሬ አለቀ! እንደ ሻማ፣ እንደ ሞባይል ካርድ።
አባቷ እሽኮኮ አላት፤ ሌሊቱን ወገቡ ሲነድ
በቪክስ ሳሸው አነጋሁ።

ጎረቤት ደግሞ አለ።
እትዬ ዘርትሁን በራቸው ላይ፣ ምስር እየለቀሙ፣
«ጉድ እኮ ነው፣ እንስራ ለምትችል ልጅ ጋሪ!» ብለው ሲገረሙ
ከአሁኑ ይሰማኛል።
«እኛ በእሷ ዕድሜ ከመሸንቲ ገበያ በእግራችን…» ይቀጥላል።
እውነታቸውን ነው፣ ሄደዋል። የሄዱት ግን ለጨው ነው፤
ሊደሰት ብሎ እስኪያነክስ የሄደ ማነው?

ስማቸው ሽንኩርቱን ገለበጠ፣ ጎማውን ዘይት ቀባው፤
እኔ መልሼ ጫንኩት። እሱ መልሶ አወጣው።
እንዲህ በጋሪ ስንጣላ፣ ስንነታረክ በእግሯ፣
ባለእግሯ ከበሩ ቆመች፣ በጥርስ ሳሙና ነጥቶ ከንፈሯ፦
«እኔን ለምን አትጠይቁኝም?»
ጠየቅናት።
«እኔ ሕፃን አይደለሁም።
ግን ጋሪው ይምጣ። ውኃውም፣ ዳቦውም ይጫንበት።
የምገፋው እኔ ነኝ። ማንም እንዳይነካብኝ እጀታውን በዚያ ሰዓት።»

ገፋችው። ከበሩ እስከ ውኃው፣ ከውኃው እስከ በሩ።
ታንኳ ባለፈ ቁጥር እጇን አውለበለበች፣ እስኪሰወር ከዳሩ።
ዥዋዥዌው ላይ ሰባት ጊዜ፣ ፈረሱ ላይ አራት ጊዜ፤
አይስክሬሟ ሐይቅ ገባ፣ እሱ ብቻ ነበር ትካዜ።
እግሯ አላለቀም። ያለቅሁት እኔ ነኝ።
አዲሱ ጫማ ተረከዜን ልጦ ልጦ ሲያሰኘኝ፣
አውልቄ ጋሪው ላይ ጣልኩት።

ማታ ስንመለስ፣ ከዘንባባው ሥር፣
ብስክሌቶቹ በደወል ብቻ ያልፋሉ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር።
ገፊዋ ቆመች። ግራ ቀኙን አየች፤
እጄን ሳብ አድርጋ፣ ጆሮዬ ሥር፣ «አሁን ሰው ያየኛል?» አለች።
«ማንም አያይም» አልኳት።
ውኃውን ለአባቷ ሰጠሁ፣ ጫማዬን እያነከስኩ አጠለቅኩት፣
ነጠላዬን እስከ ራሷ ድረስ አለበስኳት።

ሰፈር ስንደርስ፣ ያ ዘይት የጠጣ ጎማ
ሲጥ፣ ሲጥ እያለ አሳበቀ፣ ያልሰማ እንዲሰማ።
እትዬ ዘርትሁን ሻማ ይዘው ብቅ አሉ፤
ጋሪውን አዩ፣ ነጠላውን አዩ፣ «በዚህ ሰዓት ሽንኩርት?» አሉ።
«አዎ፣ ሽንኩርት ነው» አልኩ።

ሽንኩርቱ ከነጠላው ሥር፣ በእንቅልፍ ልቡ፣
ጥርስ በሌለው በኩል ፈገግ አለ።